አሳውን ቀንሱ፣ ቆስጣውን አብዙ

(ኮምቦልቻ ላይ ለጓሮ አልሚዎች ካደረግሁት ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ ዓለይኩም።

ከደሴ የመጣችሁ ሐረጎን ስትወርዱ ጃኬታችሁን ያወለቃችሁ ይመስለኛል። ከባቲና ከከሚሴ የመጣችሁ ደግሞ እዚህ ስትደርሱ «ምነው በረደ» ያላችሁ አትጠፉም። የዛሬው ወሬያችን ግማሹ ይኸው ነው። የቀረው ግማሽ መብራት ነው። አሳ ራሱ ሦስተኛ ነው የሚመጣው።

የተሰበሰብነው አሳና አትክልት በአንድ ውሃ ስለማልማት ልናወራ ነው። ፈረንጆቹ አኳፖኒክስ ይሉታል፤ እኛም እንደዚያው እንበለው። ነገሩ ቀላል ነው። በርሜል ወይም ሮቶ ውስጥ አሳ አለ። ከላዩ ወይም ከጎኑ ጠጠር የሞላ መደብ አለ። ጠጠሩ ላይ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን ተተክሏል። ትንሽ ፓምፕ የአሳውን ውሃ ወደ መደቡ ትገፋለች። ውሃው በጠጠሩ መሃል ያልፍና ተጣርቶ ተመልሶ አሳው ላይ ይወርዳል። አፈር የለም። ዩሪያ የለም። ማዳበሪያው አሳው የበላው መኖ ነው።

ዩቲዩብ ላይ አይታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንድ ሮቶ ሙሉ አሳ ሲተራመስ፣ ከላይ ደግሞ ሰላጣው ሲንዠረገግ አይታችኋል። ያምራል። ግን ያ ልክ ለእኛ አይሆንም። ሥራው ይሆናል፣ ልኩ ነው የማይሆነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ይህ አሠራር ዛሬ ባለው መልኩ የተስፋፋው ብዙው በጄምስ ራኮሲ ሥራ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በቨርጂን ደሴቶች ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ሲሞክረው የኖረ ተመራማሪ ነው። ቨርጂን ደሴቶች ካሪቢያን ባሕር ውስጥ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ይሞቃል። ከፍታው የባሕሩ ወለል ነው። ኋላ አውስትራሊያውያን ወደ ቤታቸው ጓሮ አስገቡት። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ለአነስተኛ አልሚዎች አንድ ጥሩ መመሪያ አወጣ። እኔም ብዙ ቁጥሮቼን የማገኘው ከዚያ ነው። ጥሩ መጽሐፍ ነው። ግን ውሃው ሞቆ፣ አየሩ ጠግቦ፣ መብራቱም ሳይቆራረጥ ለሚኖር ሰው የተሰፋ ልብስ ነው።

እኛስ? ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐይቅ ወደ 2,000 ትጠጋለች። ደሴ 2,500 አካባቢ ናት። መብራቱን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ወደ ቁጥሩ ከመግባቴ በፊት ግን መደቡ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ላስረዳ። ይህን የገባው ሰው ሌላውን ራሱ ይደርስበታል።

አሳ ሲተነፍስ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያወጣል። ኩሱም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ተርፎ የወደቀ መኖም እንዲሁ። አሞኒያ መርዝ ነው። አሳውን በራሱ ቆሻሻ ይገድለዋል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያ ይገባል። አንደኛው አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የአሳው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሁለተኛው ባክቴሪያ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ለአሳው ብዙም አይከፋም፤ ለቆስጣው ግን ቀለቡ ነው። ዩሪያ ገዝተን ማሳ ላይ ስንበትን በመጨረሻ ተክሉ ከሚወስደው ነገር ዋናው እሱው ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ጠጠሩ ላይ ተለጥፈው ነው። ስለዚህ ጠጠር ስትመርጡ ለእነሱ ቤት እየመረጣችሁ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ግንበኞቹ ስኮሪያ የሚሉት፣ በጣም ይመቻቸዋል። ቀላልም ነው። የወንዝ ጠጠርም ይሆናል። የኖራ ድንጋይ ግን አይሆንም፤ ውሃውን ያከርረዋል። መለየቱ ቀላል ነው። ጠጠሩ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። ከፈላና አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ስላለበት ተዉት። የመደቡ ጥልቀት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ከላይ ያለው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ጠጠር ሁልጊዜ ደረቅ ይሁን፤ ውሃው ከሱ በታች ይመላለስ። እንዲህ ሲሆን ፀሐይ ስለማያገኘው አልጌ አያበቅልም፣ የወባ ትንኝም እንቁላል የምትጥልበት አታገኝም። በርሜሉ ውስጥ ብትጥል ደግሞ አሳው እጯን ይለቅማታል። ኮምቦልቻና ቆቦ ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ባክቴሪያዎቹ በአንድ ቀን አይመጡም። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ፤ በብርድ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ሮቶውን ቅዳሜ ሞልቶ እሑድ አሳ ይለቅበታል። በሁለተኛው ሳምንት አሳው ተንሳፎ ይገኛል። ከዚያ «ጫጩቱ በሽታ ነበረበት» ይባላል። በሽታ የለም፤ አሞኒያውን የሚበላ አልነበረም። እና መጀመሪያ ያለ አሳ ውሃውን አዙሩ። በየቀኑ ትንሽ መኖ ጣሉበት፣ ይበስብስ። የምታውቁት ሰው የሚሠራ መደብ ካለው አንድ ባልዲ ጠጠር ለምኑትና ከእናንተው ጋር ቀላቅሉ። እርሾ እንደመስጠት ነው፤ ጎረቤት እርሾ አይከለክልም።

አሁን ወደ ከፍታው።

ውሃ ውስጥ አየር ይሟሟል፤ አሳ የሚተነፍሰው እሱን ነው። በባሕር ወለል ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ኮምቦልቻ ላይ አየሩ ስስ ነው። ያው ውሃ፣ ያው ሙቀት፣ ሞልቶ ሞልቶ 6.5 ገደማ ቢይዝ ነው። ሥርዓቱ ደግሞ ከ5 በታች እንዳይወርድ ይመከራል፤ አሳውም ባክቴሪያውም ሥሩም ኦክስጅን ይሻማሉ። ስለዚህ እኛ ገና ስንጀምር ከኪሳችን አንድ አምስተኛው ወጥቷል።

ፋኦ ለጀማሪ የሚያስቀምጠው ጣሪያ በ1,000 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ አሳ ነው። እስቲ እናስላው። አንድ ኪሎ አሳ በሰዓት ሩብ ግራም ያህል ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ከበላ በኋላ ከዚያ ይበልጣል። 20 ኪሎ በሰዓት 5 ግራም ማለት ነው። 1,000 ሊትሩ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ኦክስጅን 6 ግራም ተኩል ነው። መብራት በሄደ በአንድ ሰዓት ውስጥ አሳዎቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው አየር መጎንጨት ይጀምራሉ። እናንተ ሥራ ላይ ናችሁ። ወይም ተኝታችኋል። ማለዳ የሚጠብቃችሁን መናገር አያስፈልገኝም።

5 ኪሎ ቢሆንስ? ያው ስሌት ወደ አምስት ሰዓት ይሰጣችኋል። ከውሃው ገጽ የሚገባ አየርም አለ፤ ትንሽ ቢሆንም በ5 ኪሎ ላይ ይታወቃል። 3 ኪሎ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሌሊቱን ይገፋዋል።

እኔ እንግዲህ በአጭሩ የምለው ይህ ነው፦ በወሎ ደጋና ወይና ደጋ በ1,000 ሊትር ከ5 ኪሎ አሳ አትለፉ። ያም ማለት ስታወጡት ሩብ ኪሎ የሚሆን ሃያ አሳ ነው። «ሃያ አሳ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ፊት እያየሁ ነው። ትክክል ናችሁ፤ በሃያ አሳ ሀብታም አይኮንም። ግን ሒሳቡን በአሳው በኩል አትያዙት፤ በቆስጣው በኩል ያዙት። አንድ ካሬ ሜትር የቅጠላ ቅጠል መደብ በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም መኖ አሳው ከበላለት ይበቃዋል። 5 ኪሎ አሳ በቀን ከ50 እስከ 100 ግራም ይበላል። ስለዚህ ሃያ አሳ ብቻ አንድ፣ እስከ ሁለት ካሬ ሜትር መደብ ያቀልባል። በአንድ ካሬ ከ20 እስከ 25 እግር ቆስጣ ወይም ሰላጣ ይተከላል። ቆስጣውን ከተከላችሁ ከወር ገደማ ጀምሮ ዳር ዳሩን እየቆረጣችሁ ትበላላችሁ፤ መልሶ ያቆጠቁጣል። ለአንድ ቤተሰብ ጓሮ ከዚህ በላይ ምን ትሻላችሁ? ዋናው ገበያችሁ ቆስጣው ነው፤ አሳው ምርቃት ነው።

መብራት ሲጠፋ ምን እናድርግ ለምትሉ፣ መድኃኒቱ ከላይ ያልኳችሁ ነው፤ አሳ መቀነስ። ሌላው ሁሉ ደጋፊ ነው። 12 ቮልት ባትሪና ትንሽ የአየር ፓምፕ ቢኖራችሁ ጥሩ። የፀሐይ ሰሌዳ ያላችሁ ደግሞ ታድላችኋል፤ ለዚህ መጠን ከ20 እስከ 30 ዋት የምትበላ ፓምፕ ትበቃለች። ሁሉም ከሌለ ባልዲ አለ። ከበርሜሉ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ ማፍሰስ ነው፤ ውሃው ሲወርድ አየር ይዞ ይገባል። ልጆቹ ይወዱታል፣ ለሩብ ሰዓት ያህል። ደግሞ ማታ አታብሉ። የጠገበ አሳ ሌሊት ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ መብራትም እንደ ልማዱ ሌሊት ይሄዳል። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ በጊዜ አብሉና ተዉት።

ወደ ብርዱ ልምጣ። እኛ ሰፈር አሳ ሲባል ሁሉም ሐይቅን ያነሳል። «እዚያ ቆሮሶ ሞልቶ የለ? እዚያ ከኖረ እኔ ጓሮ ለምን አይኖርም?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ነገር ሐይቅ ውስጥ ያለው ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚባለው አሳ፣ ራሱ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው የተለቀቀው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ፤ ቆሮሶው ከብዙዎቻችን አባቶች ዕድሜ ያንሳል። እንግዳውም ለመደ፣ ተዋለደ፣ ስንቱን ቤት መገበ።

ግን ሐይቅ ትልቅ ውሃ ነው። ጥልቅ ነው። ያን ያህል ውሃ በአንድ ሌሊት ብርድ አይቀዘቅዝም። ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይዞ ያድራል። የእናንተ በርሜል እንዲህ አይችልም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሙቀቱ ሾልኮ ያልቃል። ቆሮሶ የሚመቸው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ከ17 በታች አይበላም፣ አያድግም። ወደ 12 ሲወርድ ይሞታል። ኮምቦልቻ ላይ ቀን 25 የነበረ ትንሽ በርሜል ሌሊቱን እስከየት እንደሚወርድ ቴርሞሜትር አንጠልጥላችሁ እዩት። ቴርሞሜትሩ ከፓምፑ በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው።

ስለዚህ ትልቅ ውሃ ይሻላል። 200 ሊትር በርሜል ለልጆች ትምህርት ይሆናል፤ ለቁም ነገር ከ1,000 ሊትር ጀምሩ። ግማሹን መሬት ውስጥ ቅበሩት፤ አፈር ይጠብቀዋል። ሌሊት ክዳን ይኑረው። ክዳኑ ብርዱንም፣ ድመቱንም፣ የሚቅበዘበዝ ሕፃንም ይከለክላል። ይህን የመጨረሻውን አደራ፤ ክፍት ውሃና ሕፃን አንድ ግቢ ውስጥ አይሁኑ። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ጂኦሜምብሬን የዘረጋችሁ ካላችሁ ያም ይሆናል፤ ለዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ የለመዳችሁት ነው። ከላይ ነጭ ላስቲክ ከወጠራችሁበት ሁለት ሦስት ዲግሪ ትሰርቃላችሁ።

መርሳ፣ ቆቦ፣ ባቲ፣ ከሚሴ ያላችሁ ይህን ሁሉ ብዙም አትጨነቁበት። ሙቀቱ ከእናንተ ጋር ነው። የደሴዎቹ ግን ቆሮሶን እርሱት። ካርፕ ያዙ። ካርፕ ብርድ ይችላል፤ ውሃው እስከ 4 ዲግሪ ቢወርድም አይሞትም። በሙቀት ነው በደንብ የሚያድገው፣ ስለዚህ ደሴ ላይ ቀስ ይላል። ቀስ ቢልም ይኖራል። ባክቴሪያዎቹም በብርድ ስለሚሰንፉ ደሴ ላይ 3 ኪሎ ይበቃችኋል።

መኖ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ኪስ የሚያራቁተው እሱ ነው። በፋብሪካ የተዘጋጀ የአሳ መኖ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ውድ ነው። ቆሮሶ ሲያድግ መኖው ከ28 እስከ 32 በመቶ ፕሮቲን ቢኖረው ጥሩ ነው፤ ጫጩት ሳለ ከዚያም በላይ። ፍሩሽካ ብቻ አይበቃም፣ ፕሮቲኑ ያንሳል። የኑግ ፋጉሎ ጥሩ ነው። ሻጋታ የያዘ ከሆነ ግን ለአሳም ለላምም አትስጡ። ሐይቅ ዳር አሳ ሲበለት የሚጣለው ራስና አጥንት አለ፤ እሱን ቀቅሎ፣ አድርቆ፣ ፈጭቶ መቀላቀል ከሁሉ ይበልጣል። መጥፎ ጎኑ ሽታው ነው። ከጎረቤት ጋር ሰላም የፈለገ ከቤት ራቅ አድርጎ ያድርቀው። ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ ስላላት ከብት አድላቢዎቻችን የቢራ ብቅል ተረፈ ምርት ያውቃሉ። ለአሳ ግን ገለባው ይበዛበታል፤ ብቻውን ከሰጣችሁት ውሃውን ያደፈርሳል እንጂ አሳውን አያሳድግም።

የተፈጨ ዱቄት እንዲሁ አትበትኑ። ግማሹ ሳይበላ ይሟሟና ተመልሶ አሞኒያ ይሆንባችኋል። የስንዴ ዱቄት ገንፎ ሠርታችሁ ድብልቁን ለውሱት፣ በሥጋ መፍጫ አውጡት፣ እንደ ፓስታ ሲወርድ ቆራርጣችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ስታበሉም ቁማችሁ እዩ። በሩብ ሰዓት ያልበላውን በወንፊት አውጡ። አሳ ሳይበላ ሲቀር አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው፤ ወይ በርዶታል፣ ወይ ውሃው ተበላሽቷል።

ውሃን በሚመለከት ብዙ የምለው የለኝም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በክፍት ዕቃ አንድ ሁለት ቀን ይደር። የዝናብ ውሃ ከቆርቆሮ ላይ ካጠራቀማችሁ በጣም ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያውን ዝናብ ብቻ አሳልፉት፣ ጣሪያውን አጥቦ ይሂድ። ቦርከናን ከከተማ በታች አትንኩት፤ ከተማውንና ፋብሪካውን አጥቦ የመጣ ውሃ ነው። አንዴ ከሞላችሁት በኋላ በትነትና በቅጠሉ በኩል የሚወጣው በቀን ከመቶ አንድ እስከ ሦስት እጅ ነው። ለ1,000 ሊትር በቀን አንድ ጀሪካን አካባቢ ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ያንኑ ቆስጣ አፈር ላይ ብታጠጡት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይፈጅ ነበር።

ከጊዜ በኋላ ውሃው ወደ መኮምጠጥ ይሄዳል። ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ እንዲያ ያደርጉታል። የኮምጣጣነቱ ልኬት፣ ፒኤች የሚባለው፣ ከ6 እስከ 7 ባለው ውስጥ ቢሆን ለአሳውም ለባክቴሪያውም ለተክሉም ይመቻል። ከ6 ሲወርድ ባክቴሪያው ሥራ ያቆማል። ያኔ በጣም ትንሽ ኖራ፣ በውሃ በጥብጣችሁ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት። የእንጨት አመድም ያንኑ ይሠራል፤ ፖታሲየምም ይጨምርላችኋል። በአንዴ አታፍሱት። ፒኤቹ ድንገት ሽቅብ ሲዘል ውሃው ውስጥ ያለው አሞኒያ መርዛማነቱ ይጨምራል፤ አሳውን ያዳናችሁ መስሏችሁ ትጨርሱታላችሁ።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ደም ሥር ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ የብረት እጥረት ነው። ኪሌት የሚባለው የብረት ማዳበሪያ ያስፈልጋል። የዛገ ምስማር ውሃ ውስጥ መጣል አይረዳም፤ ያ ብረት ለተክሉ አይሟሟለትም። ይህን ምክር ከማን እንደሰማችሁት አልጠይቅም።

ቃሪያና ቲማቲም ይሆናል ወይ? ይሆናል፤ ግን ሆዳም ናቸው፣ በካሬ እስከ 80 ግራም መኖ ይፈልጋሉ። ሥርዓቱ አንድ ወቅት ከቆየ በኋላ አስገቧቸው። በመጀመሪያው ወቅት ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን፣ በሶብላ ይበቃችኋል። ካሮት ለጠጠር አልተፈጠረም።

አሁን ከልብ የምለምናችሁ ነገር። መደቡ ላይ ምንም ዓይነት ፀረ ተባይ አትርጩ። የረጫችሁት አንድ ሰዓት ሳይሞላ አሳው ዘንድ ደርሷል። «እኔ ኬሚካል አልጠቀምም፣ በባህላዊው ነው» የሚል ሰው ደግሞ የበለጠ ያስፈራኛል። ብርብራን ታውቃላችሁ። ዘሩ ለተባይ ይረጫል። ግን አያቶቻችን ያንኑ ዘር ወቅጠው ወንዝ ውስጥ እየበተኑ ነበር አሳ የሚያሰክሩበት! የሳሙና ውሃም ስንጥቡን ይጎዳል። ክሽክሽ በእጅ ይለቀማል፣ ወይም በውሃ ግፊት ይጠረጋል፤ በቃ። በርሜል ስትገዙም ምን ተይዞበት እንደነበር ጠይቁ። የፋብሪካ ኬሚካል የነበረበት በርሜል ቢታጠብም አይሆንም። ዚንክ የተለበጠ የቆርቆሮ ገንዳና የመዳብ ቧንቧም ለአሳ መርዝ ናቸው። ፕላስቲክ ይሁን።

ከዚህ በኋላ ያለው ከታዳሚው የተነሡት ጥያቄዎች ናቸው።

አንድ ወንድሜ «አምባዛ ለምን አልተነሳም?» ብሎ ጠየቀ። ልክ ብለሃል። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ ከአየር የሚተነፍስበት አካል አለው። ኦክስጅን ቢያልቅ ወደ ላይ ወጥቶ ይተነፍሳል። መብራት ለሚጠፋበት አገር የተፈጠረ አሳ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ትልቁ ትንሹን ይበላል፤ በመጠን መለየት አለባችሁ። ሁለተኛ፣ ቅርፊት የለውም። ብዙ ክርስቲያን ቤት በዚህ የተነሳ አይበላም። የሚበላው ጎረቤት ካላችሁ ወይም ገበያ ካገኛችሁ ግን ከቆሮሶ ይልቅ እሱን እመክራለሁ።

አንዲት እናት ደግሞ «በጾም ይበላል ወይ?» አሉ። እናቴ፣ የሚበላም አለ፣ የማይበላም አለ፤ እሱን ለአባቶች ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። እኛ ወሎ ውስጥ ሠርግም ሐዘንም አብረን ነው። ድግስ ሲሆን ግን ለክርስቲያኑ ለብቻ፣ ለሙስሊሙ ለብቻ ይታረዳል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል። ቅርፊት ያለውን አሳ «ማን ባረከው?» የሚል የለም። አንድ ድስት ጎረቤቱን ሁሉ ያበላል። እኔ ለዚህ ስል ብቻ ሃያውን አሳ አሳድጋለሁ።

«ጭቃ ጭቃ አይልም ወይ?» ተብሎም ተጠየቀ። ይላል፤ በተለይ አልጌ የበዛበት ውሃ ከሆነ። ከመብላታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያለ መኖ አቆዩት። ይጠራል።

«ቆሮሶው ከተዋለደብኝስ?» መዋለዱ አይቀርም። ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፣ ገና ትንሽ ሳለች ትጀምራለች። ከዚያ በርሜሉ በድንክዬ ይሞላል፣ ማንም አያድግም። ወንዶቹ ፈጥነው ስለሚያድጉ ወንድ ብቻ መርጦ ማስቀመጥ ይሻላል። ካልለያችሁ ግልገሎቹን በወንፊት እያወጣችሁ ለዶሮ ስጡ።

የመጨረሻው ጥያቄ ጫጩት ከየት ይገኛል የሚል ነበር። ሰበታና ባሕር ዳር የአሳ ምርምር ማዕከላት አሉ፤ መጠየቅ ይቻላል። ሐይቅ ካሉ አሳ አስጋሪዎችም በሕይወት ያለ ትንሽ አሳ ማግኘት ይቻላል፣ አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው። ስታመጡት ከመጫኑ በፊት አንድ ቀን አይብላ። ጉዞው በማለዳ ወይም በማታ ይሁን። ላስቲኩ አንድ ሦስተኛው ውሃ፣ የቀረው አየር ይሁን። ስትደርሱ ዘርግፋችሁ አትልቀቁት። ላስቲኩን እንደታሰረ በርሜሉ ላይ ሩብ ሰዓት አንሳፉት፣ ሙቀቱ እኩል ይሁን። ከዚያ የበርሜሉን ውሃ በጣሳ ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁበት ቆዩና አሳውን ብቻ በመረብ አውጥታችሁ ልቀቁት። የላስቲኩን ውሃ አትክልት አጠጡበት።